አንጻራዊ እርጥበት ምንድን ነው?

«ዛሬ ዶሃ 45 ዲግሪ ነው፤ እርጥበቱም 90 በመቶ ደርሷል» የሚለው ስለ ኳታር ዋና ከተማ የሚነገር አባባል ነሐሴ በመጣ ቁጥር ይደጋገማል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ቀን ተመዝግበው ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሰዓት ግን ከቶ አልተመዘገቡም። የመጀመሪያው የቀትር፣ ሁለተኛው የንጋት ነው።

አንጻራዊ እርጥበት በአየር ውስጥ ምን ያህል የውኃ ተን እንዳለ አይናገርም። የሚናገረው ያለው ተን በዚያ ሙቀት ሊኖር ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ስንት እጅ እንደሆነ ነው። ሲሞቅ የሚለጠጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተር ስልቻ እናስብ። ንጋት ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሳለ ስልቻው ከአሥር ዘጠኝ እጁ ሞልቷል፤ እርጥበቱም 90 በመቶ ነው። አየሩ 45 ዲግሪ ሲደርስ ከውስጡ ጠብታ ሳትጎድል ስልቻው ከእጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ንባቡም ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ሌሊት ሲጠብ ደግሞ ትርፉ ከአፉ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ጤዛ የምንለው ይህንኑ ነው። እርግጥ አየር በእውነቱ ውኃ የሚይዝ ዕቃ አይደለም፤ ወሰኑን የሚያበጀው በሚተነውና መልሶ ፈሳሽ በሚሆነው ውኃ መካከል ያለው ሚዛን ነው።

የዶሃውን አባባል የደገፈ አንድ አስተያየት ሰጪ «እኔ እዚያው ነው የምኖረው፤ ስልኬ 88 በመቶ አሳይቶኛል» ሲል ሞግቷል። ስልኩ አልተሳሳተም። ነገር ግን በስንት ሰዓትና በስንት ዲግሪ እንዳሳየው አልተገለጸም፤ ያለ እነዚህ ደግሞ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። በ45 ዲግሪ ሙቀት እርጥበቱ 90 በመቶ ቢሆን ኖሮ አየሩ ገና ወደ 43 ዲግሪ ሲወርድ ጤዛ ይጥል ነበር፤ ጤዛ መጣል የሚጀምርበት ይህ ሙቀት የጤዛ ነጥብ ይባላል። በዓለም ከተመዘገቡት የጤዛ ነጥቦች ከፍተኛው ተብሎ የሚጠቀሰው ግን በጁላይ 8 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ ዓረቢያዋ ዳህራን የታየው 35 ዲግሪ ነው፤ የአየሩ ሙቀት 42 ዲግሪ ስለነበር አንጻራዊ እርጥበቱ 70 በመቶ እንኳ አልሞላም።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ተቃራኒው ነው፤ «40 በመቶ ብቻ ስለሆነ ደረቅ ሙቀት ነው» ይባላል። 45 ዲግሪ ላይ 40 በመቶ ማለት የጤዛው ነጥብ 28 ዲግሪ ገደማ ነው ማለት ነው፤ ይህ አየር በጥቅጥቅ የዝናብ ደን ውስጥ ካለው የበለጠ ተን አዝሏል። የቆዳችን ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ስለሆነ የጤዛው ነጥብ ወደዚያ በቀረበ መጠን ላብ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ መትነኑ ነው።

ዓመታዊ ዝናቧ 100 ሚሊ ሜትር በማይሞላው ኳታር ይህ ሁሉ ተን የሚመጣው ከባሕሩ ነው። በሰኔና በሐምሌ ሻማል የተባለው ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ አቧራና ደረቅ አየር ይዞ ይነፍሳል። እሱ ሲዳከም ጥልቀቱ በአማካይ 35 ሜትር ገደማ የሆነው የባሕረ ሰላጤው ሙቅ ውኃ አየሩን ይሞላዋል፤ ወበቁም ይጀምራል። ያን ጊዜ ማታ ከቀዘቀዘ ክፍል የወጣ ሰው መነጽሩ ወዲያው በጉም ይሸፈናል፤ ዝናብ በሌለበት ወር የመስኮቱ መስታወት በውጭ በኩል ውኃ ያንጠባጥባል። ከባሕሩ ርቆ ወደ መሐል አገር የተተከለ ጣቢያ ግን በዚያው ሰዓት እጅግ የተለየ ንባብ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ቁጥሩ የየት እንደሆነም መጠየቅ ይገባል።

ኳታር እ.ኤ.አ. በ2021 የደነገገችው የሥራ ደንብም መቶኛን ብቻውን መለኪያ አላደረገም። ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ነፋስንና የፀሐይ ጨረርን አጣምሮ የሚመዝነው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን የውጭ ሥራ እንዲቆም ያዝዛል።