ኮሚዩኒቲ ፖሊስ በኢትዮጵያ

ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ፣ ሰዉ እንደሚጠራው ኮሚዩኒቲ ፖሊስ፣ ወንጀል መከላከልን ከጣቢያ አውጥቶ ወደ ቀበሌና ወደ ሰፈር የሚያወርድ አሠራር ነው። አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ጥፋተኛን ተሰብስቦ መፈለግን ግን አገሬው ከጥንትም ያውቀዋል።

ለዚህ አውጫጭኝን መጥቀስ ይበቃል። አንዳንድ ቦታ አፈርሳታ ይሉታል። ከብት ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ጉዳዩ እስኪጣራ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በአደባባይ መመስከር የፈራ ሰው ለተመረጡ ሽማግሌዎች ሹክ ይላል፤ እነሱም ምንጩን ሳያነሱ «ወፍ ነገረችኝ» ይላሉ። አጥፊው ካልተገኘ ኪሳራውን አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል። ንጹሑን ሰው ከእርሻው ያስቀር ስለነበር ብዙ ያስመርር ነበር።

ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 ተቋቋመ። በ1967 ቀበሌዎች ተመሠረቱ፤ የደርግ ዘመን ታጣቂዎች የሆኑት የአብዮት ጥበቃ ጓዶችም ተከተሉ። ዛሬም «ሰፈራችሁን ጠብቁ» ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ አዛውንት የሚያስታውሰው ያንን ጊዜ ነው።

ስለ አሁኑ አሠራር በደንብ የተጻፈው የአማራ ክልል ልምድ ነው። ክልሉ ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ኮሚዩኒቲ ፖሊስ መደበ። ሥራውም የሚያርፈው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ ነዋሪው የሚወከልበት አማካሪ ምክር ቤት፣ ጠበኞችን የሚያስታርቅ የግጭት አስወጋጅ ኮሚቴ፣ እንዲሁም የቤተሰብ ፖሊስ። የመጨረሻው ስሙ ያሳስታል እንጂ የደንብ ልብስ የለበትም። አባወራውና እማወራዋ የየቤታቸውን ሰው እንዲመክሩና እንዲከታተሉ ነው። ፖሊሱ በየጎጡ እየዞረ ሰው ይሰበስባል፤ የድንበር ግፊያ ወደ ደም ሳይሄድ ሽማግሌ ያስገባል። አንድ ሰው ለአንድ ቀበሌ! ይህን ሁሉ አገር በእግሩ አዳርሶ የሚውል ባለሙያ ምስጋና ይገባዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልሉ ግጭት ውስጥ ሲገባ ግን ይህ መዋቅር በብዙ ቦታ ተናጋ።

በአዲስ አበባ ነገሩ በብሎክና በቀጠና ይሄዳል። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የሌሊት ጥበቃ ይቀጥራል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሰላም ሠራዊት የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ተጨምረዋል። አስቸኳይ ነገር ያጋጠመው 991 ይደውላል።

እርቁ ግን ገደብ አለው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ቀላል ጥፋት በሽምግልና ቢያልቅ ችግር የለውም። ጠለፋና አስገድዶ መድፈር በሽማግሌ የሚያልቁ አይደሉም፤ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ቢያገባም ከቅጣት አያድነውም። እንዲህ ያለ ጉዳይ በሽምግልና እንዲዳፈን ሲደረግ ተጎጂዋ ሁለት ጊዜ ትበደላለች።

ሌላው አከራካሪ ነጥብ ፖለቲካ ነው። አንዳንድ ተቺዎች መዋቅሩ ነዋሪውን በትንንሽ ቡድን ከሚያደራጀው የአንድ ለአምስት አሠራር ጋር ተዳብሎ ለስለላ ውሏል ይላሉ። ፖሊስ በበኩሉ ዓላማው ወንጀል መከላከል ብቻ ነው ይላል። እንደየቀበሌው ሳይለያይ አይቀርም።

ሕዝቡ ፖሊስን የሚቆጣጠርበት መንገድ ግን ቀጭን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ከተያዘበት ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። ዐቃቤ ሕግ በፖሊስ ጣቢያ የተያዙ ሰዎችን የመጎብኘት ሥልጣን አለው። የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በአዋጅ 210/1992 ተቋቁሟል፤ በ2012 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ ማቆያዎችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ መጎብኘት ይችላል። እንባ ጠባቂም የአስተዳደር በደል ይቀበላል። የአዲስ አበባ ፖሊስ ተጠሪነት በከተማዋ ቻርተር ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ፣ ነዋሪው የመረጠው ምክር ቤት በፖሊሱ ላይ ያለው እጅ አጭር ነው።

በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታን ብቻ የሚመረምር ገለልተኛ ተቋም በፌዴራል ደረጃ የለም። ተመታሁ ወይም ጉቦ ተጠየቅሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው እዚያው ጣቢያ ነው። የአማካሪ ምክር ቤቱ አባላት ቅሬታውን በስብሰባ ላይ ማንሳት ይችላሉ፤ መርምሮ የመቅጣት ሥልጣን ግን የላቸውም። ያ ሥልጣን ያለው የፖሊስ የውስጥ ዲሲፕሊን ዘንድ ነው።