ጡት ማትረፍ ወይስ ማንሳት? ወጣት ሴቶች ሲወስኑ

የጡት ካንሰር የተገኘባት ወጣት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትለው «አውጡልኝና ልገላገል» ነው። ሐኪሙ ግን ምርጫ ያቀርብላታል። ዕጢው ብቻ ከዙሪያው ትንሽ ሥጋ ጋር ይውጣ? ጡቱ በሙሉ ይነሳ? ወይስ ጤነኛውም አብሮ? የውሳኔ እገዛ የሚባለው ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ብዙ ከተቆረጠ ብዙ ዕድሜ ይገኛል የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስተድ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጡትን ከደረት ጡንቻው ጋር ያነሱ ነበር። ያን ልማድ የሰበሩት ቀዶ ሐኪሞቹ በርናርድ ፊሸር በአሜሪካ፣ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ በጣሊያን ናቸው። ሁለቱም ሕመምተኞችን ለ20 ዓመታት ተከታትለው በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ። ካንሰሩ በጊዜ ከተደረሰበት፣ ጡታቸው የተረፈላቸውም የተነሳላቸውም እኩል ኖረዋል።

ጡት ማትረፍ ግን ጨረር ይፈልጋል። በፊሸር ጥናት ጨረር ከወሰዱት ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው 14 በመቶ ገደማ ናቸው። ካልወሰዱት ግን 39 በመቶ። ኢትዮጵያ ውስጥ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። ወረፋው በወራት ሲቆጠር «ምርጫ» የሚለው ቃል ራሱ ይቀልዳል።

ከሁሉ የሚከብደው የጤነኛው ጡት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ቦስተን የሚገኘው የዳና ፋርበር ካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በ40 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በፊት ታመው ሁለቱንም ጡቶች ያስነሱ 123 ሴቶችን ጠይቀዋል። 94 በመቶዎቹ ዕድሜያቸውን ማርዘም ትልቅ ምክንያታቸው እንደነበር ተናገሩ። እንዲህ ያደረገች ሴት የበለጠ ትኖራለች ብለው የሚያምኑት ግን 18 በመቶ ብቻ ነበሩ። አእምሮ የሚያውቀውን ሆድ አልሰማም።

የብራካ (BRCA) ጂን ለውጥ፣ ማለትም ለጡት ካንሰር የሚያጋልጥ በዘር የሚተላለፍ ለውጥ፣ ያለባት ሴት ነገሯ ሌላ ነው። በሌላኛው ጡት የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የጂን ምርመራው ውጤት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ቢደርስላት ይጠቅማታል።

ታዲያ እገዛው ምን ይመስላል? «አደጋው ትንሽ ነው» ከማለት መቶ ትንንሽ የሰው ሥዕሎችን አሳይቶ፣ ካንሰሩ ስንቱ ላይ እንደሚመለስ ቀለም መቀባት ይሻላል። ለወጣት ደግሞ የራሷ ጥያቄዎች አሉ። በተረፈው ጡት ማጥባት እችላለሁ? ከተነሳ በኋላ በቀዶ ሕክምና እንደ አዲስ የሚሠራልኝ ጡት ሲነካ ይሰማኛል? (ብዙውን ጊዜ ደንዝዞ ይቀራል።) ባል፣ እናትና እህት የየራሳቸውን ፍርሃት ይዘው ስለሚመጡ፣ ሐኪሙ ለብቻዋም ቢያናግራት ጥሩ ነው። ደግሞም ለማሰብ የሚወሰዱ ጥቂት ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያመጡም። ይህን በመጀመሪያው ቀን ሊነግራት ይገባል።