የደን ሥነ ምህዳርና የዛፍ ፊዚዮሎጂ ምርምር በጅማ

የደን ሥነ ምህዳር ዛፎች እርስ በርስ፣ ከአፈሩ፣ ከእንስሳውና ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ያጠናል። የዛፍ ፊዚዮሎጂ ደግሞ አንዱን ዛፍ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ውኃ እንዴት ይስባል? ቅጠሉ እንዴት ይተነፍሳል? በጋው ሲጠና ምን ያደርጋል? ጅማ ላይ ሁለቱን ሙያዎች የሚያገናኛቸው ቡና ነው። የአረቢካ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን፣ ያውም የትልልቅ ዛፎች ጥላ ነውና።

የሥራው ሥር ያለው በግብርና ትምህርት ውስጥ ነው። የጅማ ግብርና ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዓለማያ ኮሌጅም ግቢው እስኪሠራ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው እዚሁ ጅማ ነበር። በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ።

ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1967 ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ከባድ ፈተና መጣ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። በሽታው ገና አረንጓዴውን ፍሬ ያጠቁረዋል። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ነገር ዛሬም ያስደንቃል። በየጫካውና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሲጠቁር ሳይነካ የቀረውን እናት ዛፍ ፈለጉ። ዘሩን አምጥተው መልኮ ላይ ፈተኑት። 74110፣ 74112፣ 74140 እና 74165 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ልፋት ውጤት ናቸው። ቁጥሮቹ በ74 የሚጀምሩት ምርጫው በ1974 ስለተደረገ ነው። ገበሬው እስከ ዛሬ በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። ጫካው በጅማ ተመራማሪ ዘንድ የዘር ጎተራ ሆኖ የታየው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ በጣም የተጠናው ከፊል የጫካ ቡና የሚባለው አሠራር ነው። ገበሬው ቁጥቋጦውንና ሐረጉን ይመነጥራል። ጥላ ያበዛውን ዛፍም ያሳሳል። ቡናው ብርሃን ያገኛል፣ ምርቱም ይጨምራል። በጅማ ዞን ያለው የበለጠ-ጌራ ደን የዚህ ዋነኛ ማሳያ ነው። ተመራማሪው እዚያ ገብቶ የናሙና ቦታ ያሰምራል። የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ይለካል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ችግኝ ይቆጥራል።

ትልቁ ነገር የሚታየው ችግኝ ቆጠራው ላይ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሥሩ ግን ተተኪ ያጣ ነው። እንደ ቀረሮ ያሉ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዛፎች ገና በችግኝነታቸው ከቁጥቋጦው ጋር አብረው ይመነጠራሉ። ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ብርብራ ለቡና ጥላ ይመቻሉ ስለሚባል ይተዋሉ። በዛፍ ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶችም ይቀንሳሉ።

«ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፣ ነገ ይበቅላል» ብሎ መጽናናት አይቻልም። የደን ተመራማሪው ደመል ተከታይ በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች አፈር ውስጥ የተቀበረ ዘር አጥንተዋል። የአብዛኞቹ የደን ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተከማችቶ እንደማይቆይ አሳይተዋል። እንደ ዶቅማ ያለው ዛፍ ዘር ከደረቀ ይሞታል። የደኑ ተስፋ ከእናቱ ሥር የቆመው ችግኝ ነው። እሱ ከተመነጠረ መጠባበቂያ የለም።

ገበሬው ጥላውን ለምን እንደሚያሳሳ ፊዚዮሎጂው ያስረዳል። የቡና ቅጠል ሙሉ ፀሐይ ሳያስፈልገው የፎቶሲንተሲስ (በብርሃን ምግብ የመሥራት) ሥራውን ጣሪያ ያደርሳል። ጥላው ሲበዛ ግን አበባው ይሳሳል። ጥላ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ዛፉ ከአቅሙ በላይ ያፈራና ቅርንጫፉ ይደርቃል። መሀሉን ለማግኘት መለኪያ ያስፈልጋል። የውኃ ጥማቱ የሚለካው ገና ሳይነጋ ነው፤ ሌሊቱን ዛፉ ከአፈሩ እርጥበት ጋር ስለሚመጣጠን። ቅጠሉ ተቀንጥሶ በግፊት ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ውኃው ከግንጣዩ ብቅ የሚልበት ግፊት ይነበባል። ቀን ላይ ደግሞ የስቶማታ፣ ማለትም ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ መከፈትና መዘጋት ይታያል።

የባሕር ዛፍ ጉዳይ አከራካሪ ነው። ውኃ ይመጥጣል የሚለው ወቀሳ እውነትነቱ በቦታው፣ በዝናቡና በአተካከሉ ይወሰናል።

ቡና ደኑን አዳነው ወይስ እየበላው ነው የሚለውም ገና አልተዘጋም። ቡና ባይኖር ብዙው ጫካ እርሻ ይሆን ነበር የሚሉት አብዛኛውን እውነት ይዘዋል እላለሁ። የችግኝ ቆጠራውን ያየ ግን ሌላውንም ወገን መስማት አለበት። በምንጠራ ጊዜ በየማሳው ጥቂት የቀረሮና የዶቅማ ችግኝ ምልክት አስሮ መተው ይቻላል። ቡናው ብዙ ሳይጎዳ ስንቱን መተው እንደሚቻል በቅጠልና በምርት ልኬት ማሳየት ደግሞ የተመራማሪው ድርሻ ነው።