የኖራ ድንጋይ አገር ጉድጓድና የማያልቁ ስህተቶቹ

«ጎረቤቴ በ60 ሜትር ውሃ አግኝቷል፤ እኔም 60 ባስቆፍር ይበቃኛል።» በመቀሌም ሆነ በድሬዳዋ ዙሪያ ቁፋሮ ሲነሳ ይህ አይቀርም። በአሸዋና በጠጠር ቢሆን ብዙም ባልከፋ። ጠጣር የኖራ ድንጋይ ግን ውሃ የሚያሳልፈው በስንጥቆቹና የዝናብ ውሃ እያሟሟ ባሰፋቸው ቦዮች ነው። ቦዩን ካገኘው ጉድጓድ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ የተቆፈረው ደረቅ ሊወጣ ይችላል። ማሽን ከመጥራት በፊት የስንጥቆቹን አቅጣጫ ማስጠናት ይቀድማል።

«ከታች የተኛ ሐይቅ አለ።» የለም። የባሌውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ዌብም ወንዝ ነው።

ትዕግስት የሚያስጨርሰው ግን «የውሃው ከፍታ ተለክቷል፣ አለቀ» የሚለው ነው። መቼ ተለካ? በክረምት ከሆነ ለበጋው ምንም አይነግርም። በስሎቬኒያው ሽኮትስያን ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ጎርፍ ውሃው 108 ሜትር ከፍ ብሏል። ይህ ጽንፍ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ወጥቶ በቀናት መውረድ የዚህ ዓለት ጠባይ ስለሆነ በወር አንዴ የሚለካ ሰው ጫፉን አያየውም። ጉድጓዱ ውስጥ ተጠልቆ የውሃውን ከፍታ በግፊቱ የሚለካና በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ የግፊት መለኪያ ከዝናብ መለኪያ ጋር ይተከል። ከንባቡም ላይ የአየር ግፊቱ ይቀነስ፤ 1 ሚሊባር ወደ 1 ሴንቲሜትር ውሃ ስለሚጠጋ ንባቡን ያዛባል። በእጅ ሲለካ ፓምፑ ቀድሞ 24 ሰዓት ይቁም፤ ልኬቱም ሁልጊዜ ኬዚንጉ (ጉድጓዱን የሚደግፈው ቧንቧ) አፍ ላይ በቀለም ከተደረገው አንድ ምልክት ይነሳ።

የፓምፕ ፍተሻውም፣ ማለትም ሳያቋርጡ ስቦ ውሃው ምን ያህል እንደሚወርድ ማየቱ፣ በበጋው መጨረሻ፣ ለ72 ሰዓት ይሁን። ለ6 ሰዓት ብቻ ሲፈተሽ ውሃው ንቅንቅ ሳይል ይቆይና ሁሉም ይደሰታል። ከዋናው ስንጥቅ በታች ሲወርድ ግን ባንዴ ይዘቅጥና ፓምፑ በደረቁ ዞሮ ይቃጠላል። የስንጥቁ ጥልቀት ከቁፋሮ መዝገቡ ይገኛል፤ ሲሳብ ውሃው ከዚያ በላይ የማይቆይ ከሆነ የሚሳበውን መጠን መቀነስ ነው። ውሃ ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም ይገጠም።

«ዓለቱ ያጣራዋል።» ሰፊ ስንጥቅ ምንም አያጣራም። በካናዳዋ ዎከርተን እ.ኤ.አ. በ2000 ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ ጉድጓድ ውስጥ አስገባ፤ ክሎሪኑም በቂ ስላልነበረ 7 ሰዎች ሞቱ። የኬዚንጉ ዙሪያ በሲሚንቶ ይታሸግ፤ ከዝናብ በኋላ የደፈረሰ ውሃ ሳይመረመር አይጠጣ።

«ውሃው ቢወርድ የሚጎዳው ፓምፑ ብቻ ነው» ለሚሉ ደግሞ፦ ፍሎሪዳ፣ ፕላንት ሲቲ፣ ጥር 2010 እ.ኤ.አ.። ገበሬዎች እንጆሪያቸውን ከውርጭ ለማዳን ለ11 ቀናት ውሃ ሲስቡ የከርሰ ምድሩ ውሃ 18 ሜትር ያህል ወረደ፤ ከመሬቱ ሥር በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ያሉትን ዋሻዎች ደግፎ የያዘው ውሃ ሲሸሽ መሬቱ ከ100 በላይ ቦታ ላይ ተደረመሰ።