ኢንተርስቴት 80 በነብራስካ

ኢንተርስቴት 80፣ ግዛቶችን ከሚያገናኙት የአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች አንዱ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ ኒው ጀርሲ ድረስ 2,900 ማይል ያህል ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ 455 ማይሉ፣ ማለትም 732 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የነብራስካን ግዛት ከጫፍ ጫፍ ያቋርጣል። ብዙ ሰው «በቆሎ ብቻ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል» ይለዋል። መንገዱን ግን በቅጡ ያየው ሰው ጥቂት ነው።

መንገዱ በአብዛኛው የፕላት ወንዝን ሸለቆ ይዞ ነው የሚሄደው። በዚሁ ሸለቆ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰፋሪዎች ጋሪ፣ ቀጥሎ የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡር፣ ከዚያም ሊንከን ሀይዌይ የሚባለው የቀድሞ የመኪና መንገድ አልፈዋል። በ1919 (እ.ኤ.አ.) ከዋሽንግተን ሳን ፍራንሲስኮ ለመድረስ 62 ቀን የፈጀበት የጦር ሠራዊት የመኪና ጉዞም ነብራስካን አቋርጧል። በጉዞው ላይ ድዋይት አይዘንሃወር የሚባል ወጣት መኮንን ነበር። ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1956 ኢንተርስቴቶቹ የተሠሩበትን የአውራ ጎዳና ሕግ የፈረመው እሱ ነው።

ነብራስካ ውስጥ ግንባታው በ1957 ተጀመረ። መንገዱን ከእርሻው ደረጃ ከፍ ማድረግና በላዩ የሚያልፉ ድልድዮችን መወጣጫ መሥራት ብዙ አፈርና ጠጠር ይጠይቃል። ስለዚህ እዚያው ዳር ዳሩን ተቆፈረ። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ነውና ጉድጓዶቹ ሞሉ። ዛሬ ከግራንድ አይላንድ ከተማ ወደ ምዕራብ ስትነዱ በመስኮት የምታዩዋቸው ትንንሽ ሐይቆች እነዚያው ጉድጓዶች ናቸው። ዓሣ ተጨምሮባቸው ሰው መንጠቆውን ይዞ ይቀመጥባቸዋል።

የመጨረሻው ክፍል ጥቅምት 17 ቀን 1974 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ሲድኒ በምትባል የነብራስካ ከተማ አጠገብ ተመረቀ። በዚህም ነብራስካ ዋና የኢንተርስቴት መስመሯን ጨርሳ በማስረከብ ከሁሉም ግዛቶች ቀደመች። «መጀመሪያ የጀመርነው እኛ ነን» በሚለው ሚዙሪ፣ ካንሳስና ፔንሲልቬንያ እስካሁን ይከራከራሉ። የጨረሰው ማን እንደሆነ ግን አያከራክርም።

ከሊንከን ከተማ እስከ ግራንድ አይላንድ አካባቢ ያለው 72 ማይል ያህል መንገድ ኩርባ የለውም ማለት ይቻላል። በአገሪቱ ረጅሙ ቀጥታ ነው የሚሉ አሉ፤ ዩታዎች በጨው ሜዳቸው ስለሚመኩ «ከረጅሞቹ አንዱ» ማለቱ ይሻላል።

የመውጫዎቹ ቁጥር ከዋዮሚንግ ድንበር የሚቆጠር ማይል ነው። የከርኒ ከተማ መውጫ (ኤግዚት) 272 ነው፤ ያለ ጂፒኤስም ምን ያህል እንደቀራችሁ ታውቃላችሁ። ከተማዋ አጠገብ መንገዱን ተሻግሮ የቆመ ሙዚየም አለ፤ በ2000 ተከፈተ። በማርች ወር ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬን የሚባሉ ግራጫ ወፎች ወንዙ ላይ ያድራሉ። ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ዳር ባለው የበቆሎ ቃርሚያ ላይ ሲለቅሙ ይታያሉ።

ክረምቱ ሌላ ታሪክ ነው። ሜዳው ነፋስ የሚያቆም ነገር የለውም፤ ባዶ ትሬለር የሚጎትት ሹፌር መሪውን ጨብጦ ነው የሚያልፈው። በረዶው ሲብስ መግቢያዎቹ ላይ ያለው መዝጊያ ይወርዳል። የቀደመ ትራክ ስቶፑ (የጭነት መኪና ማረፊያው) ውስጥ ቦታ ያገኛል፣ የዘገየ መንገድ ዳር ያድራል።