የመኪና ፖሊሽ ምንድን ነው? የሚቀባ ነው ወይስ የሚፍቅ?

ደሴ ውስጥ መኪናውን ለመሸጥ ያሰበ ሰው «ፖሊሽ አስቀብቻታለሁ» ሲል፣ ገዢውም ደላላውም የሚረዱት በቀለሙ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር እንደተጨመረ ነው። አነጋገሩ ከሊስትሮ ሣጥን የመጣ ይመስለኛል፤ ጫማ ላይ ቀለም ይቀባል፣ በብሩሽ ይታሻል፣ ቆዳው የሚያበራውም ከላዩ በተቀመጠው ሰም ነው። የመኪና ፖሊሽ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እጅግ የደቀቁ የሚፍቁ ቅንጣቶችን የያዘ ቅባት ወይም ፈሳሽ ሲሆን፣ በስፖንጅ እየታሸ ከመኪናው የላይኛው ንብርብር ጥቂት ይወስዳል። የሚያበራው የተጨመረው ነገር ሳይሆን፣ የተጫጫረው ሲነሣ ከሥሩ የሚገኘው ለስላሳ ገጽ ነው። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ገዝቶ የውጭ መልኳን ለመመለስ የሚያቅድ ሰው «ምን ልቀባት?» ከማለቱ በፊት «ምን ያህል ልፋቅ? የሚፋቅስ ቀርቷታል ወይ?» ብሎ መነሣት ይኖርበታል።

ነገሩን ለመረዳት ቀለሙን ከሥር ወደ ላይ ማየት ይጠቅማል። ፋብሪካ ውስጥ ቆርቆሮው መጀመሪያ ዝገት የሚከላከል ሽፋን ይለብሳል፤ በዚያ ላይ ቀለሙ እንዲይዝ የሚቀባው ፕራይመር፣ ቀጥሎ ብርማ፣ ሰማያዊ ወይም ቀይ ብለን የምንጠራውን መልክ የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም ቀለም ቀቢዎች ቫርኒሽ ወይም ክሊር የሚሉት እንደ መስታወት የሚያሳይ ንብርብር ይመጣል። የሁሉም ውፍረት ሲደመር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቫርኒሹ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፤ ይህም ፎቶ ኮፒ የምናነሣበት አንድ ቅጠል ወረቀት ካለው ውፍረት ግማሹን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ማለት ነው። የፖሊሽ ሥራ በሙሉ የሚካሄደው በዚህ ግማሽ ወረቀት ውስጥ ነው። ቀለል ያለ ፖሊሽ አንድ ማይክሮን እንኳ ላይወስድ ይችላል፤ ኮምፓውንድ የሚባለው ጠንከር ያለው ግን ጥቂት ማይክሮኖችን ይወስዳል። ቫርኒሹ ሥሩ ያለውን ቀለም ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚጠብቅ ንጥረ ነገርም ስላለበት፣ ከሚገባው በላይ ሲሳሳ ጉዳቱ የሚታየው ያን ቀን ሳይሆን ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኮፈኑ ነጭ እያለ እንደ ቆዳ መላጥ ሲጀምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። አንዳንድ አሮጌ መኪኖች፣ በተለይ ብረት የማይመስል ድፍን ነጭ ወይም ቀይ ቀለም ያላቸው፣ ቫርኒሽ የላቸውም፤ ቀለሙ ራሱ የመጨረሻው ንብርብር ነው። ለማወቅ በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ የመኪናዋን መልክ ከያዘ ቫርኒሽ የለም ማለት ነው። የቀለሟን አሠራር አውቀው ከሆነ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ ቀለም ደብዝዞ ኖራ የመሰለ ዱቄት ቢያወጣም በፖሊሽ የሚገርም ለውጥ ያሳያል። ብርማ መኪና ላይ ጨርቁ ብርማ ከሆነ ግን እጅን ማንሣት ነው፤ ቫርኒሹ አልቋል።

በእኛ አካባቢ ቀለም የሚጎዳባቸው ምክንያቶች ከመልክዐ ምድሩ ጋር የተያያዙ ናቸው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የደሴ አየር ብርድ መሆኑ መኪናውን ከፀሐይ አያድነውም፤ ጭጋጉ ሲገለጥ የሚወርደው ፀሐይ ብርቱ ነው። ከዶሮ መዝለያ ጀምሮ እስከ ኮምቦልቻ ባለው ቁልቁለት ደግሞ ሾፌር ሁሉ ፍሬን ይዞ ነው የሚወርደው። ከፍሬን ሸራውና ከዲስኩ የሚፈገፈገው ትኩስ የብረት ብናኝ በራሱ መኪናና ከኋላ በሚከተለው ላይ አርፎ ቫርኒሹ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያም በእርጥበት እየዛገ ነጭ መኪና ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በየሠፈሩ ካለው ያልተነጠፈ መንገድ የሚነሣው አቧራ ሦስተኛው ነው። አቧራው ውስጥ ከቫርኒሽ የጠነከረ ደቃቅ አሸዋ ስላለ፣ ጠዋት ጠዋት መኪናን በደረቅ ጨርቅ መወልወል በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ከማሸት ብዙ አይለይም።

ይህ ውልወላ የሚተወው ምልክት ፀሐይ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ክብ በክብ ጭረት ነው። ብዙ ሰው «አጣቢው እጁን እያዞረ ስላሸ ነው ክብ የሆነው» ይላል፤ ግን እንደዚያ አይደለም። ጭረቶቹ በሁሉም አቅጣጫ የተበታተኑ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ለብርሃኑ አቅጣጫ አግድም የተቀመጡት ብቻ ስለሆኑ፣ በፀሐዩ ነጸብራቅ ዙሪያ የተደረደሩ ይመስላሉ። ራስን ወደ ጎን ዘንበል ሲያደርጉ ድሩም አብሮ የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። ደመና ባለበት ቀን ድሩ አይታይም ማለት ይቻላል፤ በክረምት፣ ጭጋግ ባለበት ጠዋት መኪና መግዛት ከሚያመጣቸው ጣጣዎች አንዱ ይህ ነው።

ዕቅዱ እንግዲህ የሚጀምረው በምርመራ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብርማ ኮሮላ ገዝቶ «ቀለሟ ያልተነካ» ተብሎ ስለተሸጠለት፣ መኪናዋን አብረን ኮምቦልቻ ግቢው ውስጥ አጥበን ተመለከትናት። መጀመሪያ እጄን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ኮፈኑን ዳበስኩት። ባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራነት በፌስታል በኩል በግልጽ ይሰማል፤ ኮፈኑ ላይ ጨው የተበተነ ያህል ነበር፣ የኋላው ክዳን ደግሞ ለስላሳ። ቀጥሎ ከመሸ በኋላ የስልክ ባትሪ አብርተን አስጠግተን ስናይ የሸረሪት ድሩ በሁሉም በር ላይ ተገኘ። በግራው የኋላ በር ላይ አንድ ረጅም ጭረት ነበር፤ ጥፍሬን በላዩ ሳሳልፍ ያዘኝ። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ፖሊሽ ሊያጠፋው ከሚችለው በላይ ጥልቅ ነው፤ ጠርዙን አለስልሶ እንዳይጎላ ማድረግ እንጂ ማጥፋት አይቻልም። በመጨረሻ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በየበሩ አስጠጋን። የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ ላይ ማግኔቱ ላላ፤ ሥሩ የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ስቱኮ አለ ማለት ነው። የመስታወቱን ላስቲክ ገለጥ ስናደርግም የቀለም ብናኝ አገኘን። ያልተነካ የተባለው ቀለም አንድ ቦታ በባትላሜራና በቀለም ቀቢ እጅ አልፏል። ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ይህን ሁሉ በቁጥር ይናገር ነበር፤ እሱ በሌለበት ግን ፌስታል፣ ባትሪና ማግኔት ብዙ ያሳያሉ።

ፖሊሽ ከመነካቱ በፊት ያለው ሥራ ጽዳት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚዘልለውም ይኸው ነው። ልብስ የሚታጠብበት ዱቄት ሳሙና ለዘወትር እጥበት አይመከርም፤ ያልሟሟው ቅንጣት ይጭራል፣ በላዩ ላይ የነበረውንም ሰም ያጥባል። ሁለት ባልዲ ተዘጋጅቶ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ስፖንጁ የሰበሰበውን አሸዋ ለማራገፊያ ይውላል፤ ከጣሪያ ተጀምሮም ወደ ታች ይወረዳል። የብረት ብናኙ በእጥበት አይለቅም። ለዚሁ የተሠራ ፈሳሽ ሲረጭበት ብረቱን ሲያገኝ ወደ ወይን ጠጅነት እየተቀየረ ያሟሟዋል፤ የቀረውን ደግሞ ክሌይ የሚባለው ሊጥ መሰል ነገር በሳሙና ውሃ እያረጠቡ በቀስታ ሲያንሸራትቱት ለቅሞ ያወጣዋል። ክሌዩ መሬት ከወደቀ መጣል ነው እንጂ ታጥቦ አይመለስም። ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ክብ ምልክት፣ ካልሲየሙ ገና ላዩ ላይ ከሆነ፣ በውሃ በቀጠነ አቼቶ ይለቃል፤ ቫርኒሹን በልቶ ከገባ ግን የፖሊሽ ጉዳይ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሙከራ የዕቅዱ ልብ ነው ብል አላጋነንኩም። ኮፈኑ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ተከልሎ፣ በእጃችን ካለው ፖሊሽ ሁሉ ቀላሉ፣ ከስፖንጁም ለስላሳው ይሞከራል። ቦታው በአልኮል ተጠርጎ በባትሪ ሲታይ በቂ ለውጥ ካመጣ እዚያው ይቆማል፤ ካላመጣ አንድ ደረጃ ይጠነክራል። በአልኮል የሚጠረግበት ምክንያት በፖሊሹ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረቱን ሞልቶ ለጊዜው ስለሚደብቀው ነው፤ ሳይጠረግ የታየ ውጤት ከሁለት እጥበት በኋላ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በኮሮላዋ ላይ ጠንካራውን ኮምፓውንድ ለመጠቀም ቸኩለን ነበር፤ ሙከራው ግን መካከለኛው ፖሊሽ ከድሩ አብዛኛውን እንደሚያነሣ አሳየን፣ እኛም የቀረውን ተውነው። መስታወት ካልሆነች ብሎ ሁሉንም ጭረት ማሳደድ የሚያገለግል መኪናን ቫርኒሽ ማባከን ይመስለኛል።

ማሽኑን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በአንድ እምብርት ላይ ብቻ በፍጥነት የሚሽከረከረው ነው፤ ቶሎ ይፍቃል፣ ቶሎም ያቃጥላል። ሁለተኛው እየተሽከረከረ ወዲያ ወዲህም የሚወዛወዘው ሲሆን ሙቀቱን ስለሚበትን ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ነው። ቫርኒሽ በጠርዝና ቆርቆሮው በታጠፈበት መስመር ላይ ስለሚሳሳ፣ የኮፈኑ ጫፍ፣ የበሩ ወገብ መስመርና የፓራውልቱ ማዕዘን በፕላስተር ይሸፈናሉ፤ በማሽን ሳይሆን በመጨረሻ በእጅ ይታሻሉ። ይህን የምለው የራሴን መኪና የኮፈን ጠርዝ ከተማ ውስጥ ላለ አንድ ባለ ማሽን ሰጥቼ፣ በደቂቃ ውስጥ ጣት የሚያህል ነጭ ፕራይመር ብቅ ሲል ቆሜ ስላየሁ ነው። ሰውየው «ሰም ሲቀባበት ይጠፋል» አለኝ። አልጠፋም።

ጊዜና ቦታም የዕቅዱ አካል ናቸው። ቆርቆሮው መዳፍን የሚያሞቅ ከሆነ ፖሊሹ ሳይሠራ ስለሚደርቅ፣ ኮምቦልቻ ላይ ሥራው ጥላ ሥር፣ ጠዋት ወይም ወደ ማታ መሆን አለበት። ደሴ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ ጠዛው እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጣሪያ ያለው ግቢ ከሌለ ባይጀመር ይመረጣል። ለአንድ ኮሮላ ሁለት ሙሉ ቀን ብንመድብም አንዱ ከሰዓት በመብራት መጥፋት አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ በር ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አለመሄድን ተምረናል። የጣሪያውና የኮፈኑ ቫርኒሽ በፀሐይ አስቀድሞ ስለደከመ በእነሱ ላይ የማሸቱ ዙር ይቀነሳል፣ የጎኖቹ ግን ይችላል። ስቱኮ ያገኘንበት ፓራፋንጎ ቫርኒሹ ምን ያህል እንደሆነ ስለማይታወቅ በእጅ ብቻ ታሸ። ላይዋ ቢጫ ያለው የፊት መብራት የተለየ ፕላስቲክ ስለሆነ የራሱ አሠራር አለው።

የሚቀባው ነገር የሚመጣው አሁን ነው፤ ሰም፣ ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ ሽፋን ወይም ሴራሚክ የሚባለው ደርቆ የሚጠነክር ሽፋን። እነዚህ ጭረት አያጠፉም፤ በተስተካከለው ገጽ ላይ ተቀምጠው ውሃና ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ። ሰም ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት፣ ሲላንት ግማሽ ዓመት አካባቢ ይቆያል። ሴራሚክ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ቢችልም ከሥሩ የቀረውን ጉድለት ሁሉ አብሮ ስለሚያሽግ፣ ከላይ ያለው ሥራ ሳይጠናቀቅ የሚደረግ አይደለም። ባልደረባዬ ሰሙን መረጠ፤ ራሱ በየሁለት ወሩ ሊያድሰው ስለሚችል። ላቫጆ ሲሄድም የራሱን ማይክሮ ፋይበር ፎጣ ይዞ ይሄዳል፣ አጣቢዎቹ ይስቁበታል። የግራው በር ጭረት አሁንም አለ፤ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ብቻ ይታያል።