የዓሣ ሰገራ ናሙና፦ ፍሪዘር ይግባ ወይስ አይግባ?

አንዱ መመሪያ «ናሙናው በረዶ እንዳይሆን» ይላል። ሌላው ደግሞ «ወዲያው ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት» ይላል። ግራ ያጋባል፤ ግን ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው የምርመራው ዓይነት ነው።

በማይክሮስኮፕ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን የሚፈለጉ ከሆነ ናሙናው ትኩስ መሆን አለበት። እንደ ሄክሳሚታ ያሉት ባለ ጅራፍ ጥቃቅን ፍጥረታት በአብዛኛው የሚታወቁት በእንቅስቃሴያቸው ነው። ከሞቱ በኋላ ከሌላው ብናኝ መለየት ከባድ ነው። በረዶ ደግሞ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ሰገራው ከዓሣው እንደወጣ በፒፔት (ፈሳሽ መምጠጫ ቀጭን ቱቦ) ይነሳና ከራሱ ከገንዳው ውሃ ጠብታ ጋር ስላይድ ላይ ይደረጋል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ አይሆንም።

የአንጀት ባክቴሪያ በዲኤንኤ የሚጠና ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ናሙናው ውጭ ከቆየ አንዳንዱ ባክቴሪያ መራባቱን ይቀጥላል። ያኔ ላብራቶሪው የሚያየው አንጀት ውስጥ የነበረውን ሳይሆን ብልቃጥ ውስጥ የተራባውን ይሆናል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው በ−80 ዲግሪ ሴልሺየስ ማቆየት ወይም 95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ መክተት ነው። ናሙና ማቆያው ኬሚካል ፎርማሊንስ? የትል እንቁላልን ቅርጽ ይጠብቃል፣ ዲኤንኤን ግን ያበላሻል። የገንዳውን ውሃም ለብቻው በሌላ ብልቃጥ መላክ ጥሩ ነው፤ የውሃው ባክቴሪያ ከሰገራው ጋር መቀላቀሉ አይቀርምና።

በነገራችን ላይ፣ ነጭና ክር መሳይ ሰገራ ብቻውን በሽታ አለ አያሰኝም። ምግብ ያልበላ ዓሣም እንዲህ ያለ ንፍጥ ያወጣል። ለዚህ ነው ዓሣው መጨረሻ የበላበት ሰዓት ብልቃጡ ላይ ቢጻፍ የሚመረጠው።